በጣና ዳር ስለ ነበሩ ሰባክያን፤ በአዋጅ ስለ ሆነውና በወዳጅነት ስለ ሆነው

ለዚህ ለኢዮቤልዩ መጽሐፍ አንድ የታሪክ ቃል እንድጽፍ የደብራችን ሽማግሎች ባዘዙኝ ጊዜ፣ በመጀመሪያ ስለ ሕንፃው አሠራር ልጽፍ አስቤ ነበር። ነገር ግን ይህን ከእኔ ይልቅ የሚያውቁ ስላሉ ለእነርሱ ትቼ፣ በዘንድሮው ዓመት በመካከላችን ክርክር ያስነሣውን ነገር ከታሪክ ጋር አገናዝቤ ልመለከተው ፈቀድሁ። ክርክሩም ስለ ሐዋርያዊ ጉዞ ነው። የሰንበት ትምህርት ቤታችን ወጣቶች በየዓመቱ በአውቶቡስ ተሳፍረው ወደ ገጠር አጥቢያዎች ይወርዳሉ፤ ማለዳ ደርሰው ይዘምራሉ፣ በድምፅ ማጉያ ይሰብካሉ፣ ያመጡትን ጧፍና ዕጣን፣ ልብስና መጽሐፍ ያስረክባሉ፤ ፀሐይም ሳትጠልቅ ይመለሳሉ። ከእኛ አንዳንዱ «ቃሉ ተዘርቷል፤ ይበቃል» ይላል። ሌላው ደግሞ «የአንድ ባላገር ስም እንኳ ሳናውቅ ተመልሰን ምን ዘራን እንላለን?» ብሎ ይጠይቃል።

እኔም ራሴ ከጥቂት ዓመታት በፊት ከእነዚህ ጉዞዎች በአንዱ ወደ ወንዛዬ ወርጄ ነበር። ወንዛዬ በጉማራ ወንዝ አጠገብ፣ በደራ ምድር ያለች፣ ፍል ውሃዋ የታወቀ ስፍራ ናት። ከጎጃምም ከጎንደርም የሚመጣ በሽተኛ ስንቁን ተሸክሞ ወርዶ፣ ብዙ ቀን እየሰነበተ ይታጠብባታል። ሰው ከዘመዱ ርቆ ከማያውቀው ሰው ጋር ጎን ለጎን የሚያድርባት ስለ ሆነች፣ ለስብከት የተመቸች ናት ብለን መረጥናት። እኔም ከአንድ ሰዓት የበለጠ ተናገርሁ። በጨረስሁ ጊዜ በድንጋይ ላይ ተቀምጠው ይሰሙ የነበሩ አንዲት እማሆይ ጠሩኝና «ልጄ፣ ዛሬ የት ታድራለህ?» አሉኝ። «እማሆይ፣ መኪናው ይጠብቀናል፤ አሁን መመለሳችን ነው» አልኋቸው። እርሳቸውም «እንዲያስ ከሆነ መንገደኛ ነሃ፤ እኔ እንግዳ መስለኸኝ ነበር» አሉኝ።

በአገራችን መንገደኛና እንግዳ አንድ አይደሉም። መንገደኛ ውሃ ጠጥቶ ያልፋል። እንግዳ ግን እግሩን ታጥቦ፣ ከቤቱ ሰው ጋር ከአንድ መሶብ በልቶ፣ አድሮ፣ የቤቱን ኀዘንና ደስታ ሰምቶ ይሄዳል። ያች ቃል አልለቀቀችኝምና ወደ መጻሕፍት ተመለስሁ። ያገኘሁትንም ለአንባቢ አቀርባለሁ። ዓመታቱን የጻፍሁት በአገራችን አቈጣጠር ነው፤ የአውሮፓን የሚፈልግ ሰባት ወይም ስምንት ይጨምርበት።

የሀገራችን የስብከት ታሪክ መጀመሪያው ራሱ የእንግድነት ታሪክ ነው። በ4ኛው መቶ ዓመት የጢሮስ ሰው ፍሬምናጦስ ከወንድሙ ጋር ወደ አክሱም ቤተ መንግሥት የገባው ሰባኪ ሆኖ አልነበረም፤ መርከባቸው በባሕር ዳር ተይዞ፣ አብረዋቸው የነበሩት ሰዎች ተገድለው፣ ሁለቱ ልጆች ተማርከው ነው። ያደጉትም በንጉሡ ቤት ነው። ፍሬምናጦስ የንጉሡን መዝገብና ጽሕፈት ጠባቂ ሆነ። ንጉሡም በሞተ ጊዜ ንግሥቲቱ ሕፃኑ ልጅዋ እስኪያድግ ድረስ ከእርስዋ እንዳይለዩ ለመነቻቸው። እርሱም በዚያ ዘመን ለንግድ የመጡትን ክርስቲያኖች እየፈለገ የጸሎት ስፍራ እንዲያበጁ ይረዳቸው ነበር። በመጨረሻ ወደ እስክንድርያ በወረደ ጊዜ ለአትናቴዎስ ያቀረበው ልመና ለዚያ ሕዝብ ጳጳስ ይላክለት የሚል ነበር እንጂ ለራሱ ሹመት አልነበረም፤ አትናቴዎስ ግን አገሩንና ቋንቋውን ከሚያውቅ ከእርሱ የተሻለ ሰው ከወዴት እናገኛለን ብሎ እርሱን ራሱን ሾመው። እኛ ከሣቴ ብርሃን ብለን የምንጠራው ይህ አባት እንግዲህ ከመሾሙ በፊት ብዙ ዓመት የቤት ሰው ነበረ። የጵጵስናው ዘመን ሲነገር ይህ የፊተኛው ዘመን ብዙ ጊዜ ሳይነገር ይታለፋል፤ እኔ ግን ሥሩ በዚያ ነው እላለሁ።

አሁን ወደ ራሳችን ሐይቅ ልምጣ። በ17ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ በጣና ዳር የሆነው ነገር፣ ስለ ስብከትና ስለ ወዳጅነት ለሚጠይቅ ሰው ከየትኛውም አገር ታሪክ ይልቅ ግልጥ ምስክር ነው።

ፖርቱጋሎች በ1533 ዓ.ም. በግራኝ ጦርነት ጊዜ 400 ያህል ነፍጠኛ ይዘው ለርዳታ እንደ መጡ የታወቀ ነው። ከእነርሱ የተረፉት በአገሩ ተጋብተው ቀሩ፤ የኢየሱሳውያን ማኅበር ካህናትም እነርሱን ተከትለው በትግራይ በዐድዋ አጠገብ ፍሬሞና በተባለች መንደር ተቀመጡ። ወደዚህች መንደር በ1595 ዓ.ም. ጴድሮ ፓኤዝ የሚባል የእስፓኝ አገር ሰው ደረሰ። ይህ ሰው ወደ ኢትዮጵያ ለመምጣት ከዚያ በፊት ሞክሮ፣ በባሕር ላይ ተይዞ፣ ሰባት ዓመት ያህል በየመን እስረኛ ሆኖ ነበር። በዚያም ዐረብኛ ተማረ። ሁለተኛ ሲመጣ የአርመን ነጋዴ መስሎ ምጽዋ ገባ።

በሃይማኖት ነገር ከእኛ የተለየ ነበረና የትምህርቱን ክርክር ለሊቃውንት እተወዋለሁ። ነገር ግን የአካሄዱን ሥርዓት ሳይመረምሩ ማለፍ አይገባም። ፓኤዝ ወደ ንጉሥ ለመቅረብ አልቸኰለም። በፍሬሞና ተቀምጦ ግዕዝና አማርኛ ተማረ፤ የሃይማኖት ጥያቄና መልስ ያለበትን ትንሽ መጽሐፍ በአገሩ ተወላጅ ርዳታ ወደ አማርኛ አስመልሶ የመንደሩን ልጆች አስተማረበት። ዐፄ ዘድንግል ዝናውን ሰምቶ በ1596 ዓ.ም. ባስጠራው ጊዜ ልጆች ይዞ ሄደ፤ በንጉሡ ፊት ጥያቄውን የመለሱት እነርሱ ናቸው። እኔ ይህን ባነበብሁ ጊዜ እጅግ ደነቀኝ። እንግዳው ሰው ዝም ብሎ የአገሩ ልጅ ሲናገር መስማት፣ ለንጉሡም ለመኳንንቱም አዲስ ነገር ሳይሆን አይቀርም።

ይሁን እንጂ ንጉሡ ራሱ ቸኰለ። የቀዳሚት ሰንበትን አከባበር የሚከለክል አዋጅ አስነገረ፤ ፓኤዝ ቀስ ይበሉ ብሎ ቢመክረውም አልዘገየም። የዚያን ዘመን ጳጳስ ወታደሩን ከመሐላው ፈታው፤ ዘሥላሴ የተባለው መኰንን ተነሣ፤ ዘድንግልም በ1597 ዓ.ም. በጥቅምት በጦርነት ሞተ። የነገሠው አንድ ዓመት ያህል ብቻ ነው። አፅሙ ዛሬ በዳጋ እስጢፋኖስ ገዳም ከብዙ ነገሥታት አፅም ጋር ይገኛል።

ከእርሱ በኋላ በ1599 ዓ.ም. ዐፄ ሱስንዮስ ነገሠ። ሱስንዮስ ከመንገሡ በፊት ብዙ ዓመት በስደትና በሽፍትነት የኖረ፣ ከኦሮሞ ጋር ያደገ፣ የሰው ወዳጅነት ምን ያህል እንደሚያድን በገዛ ነፍሱ የተማረ ሰው ነበር። በጎርጎራ ለፓኤዝ ርስት ሰጠው። ፓኤዝም በዚያ ድንጋይ ጠራቢና ዐናጢ ሆነ። መሣሪያውን በእጁ እየሠራ፣ የአገሩን ሰዎች ሥራውን እያስተማረ ለንጉሡ በላዩ ሌላ ቤት ያለበትን ግንብ ሠራለት፤ ቤት በቤት ላይ ተሠራ ተብሎም ተደነቀ። በ1610 ዓ.ም. በሚያዝያ ከንጉሡ ሠራዊት ጋር ወደ ሰከላ ሄዶ የግዮንን ምንጭ አየ፤ ጄምስ ብሩስ ለዚሁ ነገር ብዙ የተኩራራው ከዚህ ከ150 ዓመት በላይ ዘግይቶ ነው። የኢትዮጵያንም ታሪክ በፖርቱጋል ቋንቋ ጻፈ፤ እርሱ ከሞተ ከ280 ዓመት በላይ አልፎ ታተመ።

ወዳጅነቱ እውነተኛ ወዳጅነት እንደ ነበረ አልጠራጠርም። ነገር ግን በዚህ ስፍራ አንድ ነገር ሳልናገር ባልፍ ታሪክን መሸፈን ይሆንብኛል። የፓኤዝ ወዳጅነት ከፍ ብሎ የታየው በቤተ መንግሥት ነው። የንጉሡ ወንድም ራስ ሥዕለ ክርስቶስ ወደ እርሱ ሃይማኖት ገባ፤ መኳንንትም ተከተሉ። በየአጥቢያው ያለው ቄስና ደብተራ፣ በየገዳሙ ያለው መነኵሴ፣ በየቤቱ ያለችው እናት ግን ይህን ሁሉ በወሬ ብቻ ይሰሙት ነበር። በ1609 ዓ.ም. በዚሁ ምክንያት ዐመፅ ተነሥቶ ጳጳሱ አቡነ ስምዖን በጦርነቱ ላይ ተገደሉ። የንጉሥ ወዳጅ መሆን የሕዝብ ወዳጅ መሆን አይደለም፤ እንዲያውም አንዳንድ ጊዜ ንጉሡን ከሕዝቡ ያርቀዋል። ሱስንዮስ በ1614 ዓ.ም. የሮማን ሃይማኖት በግልጥ ተቀበለ፤ ፓኤዝም በዚያው ዓመት በግንቦት በንዳድ ታሞ በጎርጎራ ሞተ።

በእርሱ ስፍራ ከሮማ ፓትርያርክ ተብሎ የተላከው አልፎንሱ ሜንዴዝ በ1617 ዓ.ም. ደረሰ። የተማረ ሰው ነበር ይባላል። ነገር ግን የመጣው ሊሾም ነው እንጂ ሊያድር አይደለም። በየካቲት 1618 ዓ.ም. በደንቀዝ ንጉሡ ለሮማ ጳጳስ እንዲታዘዝ በመኳንንቱና በካህናቱ ፊት አስማለው። ከዚያ በኋላ የወጣውን ትእዛዝ ልብ ብሎ መስማት ይገባል። ካህናቱ እንደ ገና ይካኑ ተባለ፤ ሕዝቡ እንደ ገና ይጠመቅ፤ አብያተ ክርስቲያናቱ እንደ ገና ይባረኩ፤ ጾሙና በዓሉ በሮማ አቈጣጠር ይሁን፤ ግዝረት ይቅር ተባለ። ይህን የሰማ ባላገር የተረዳው አንድ ነገር ነው፤ እስከ ዛሬ ክርስቲያን አልነበርህም፣ አባትህም ክርስቲያን ሳይሆን ሞተ ማለት ነው። የተከበረ የገዳም አለቃ ከተቀበረበት ቤተ ክርስቲያን ተቈፍሮ በወጣ ጊዜማ ነገሩ ከክርክር አለፈ። በሕይወት ያለውን ሰው ያሳዘነ ይቅርታ ሊለምን ይችላል፤ የሞተን ያሳዘነ ግን ማንን ይለምናል?

ላስታ ሸፈተ፤ ሌላውም አገር ተከተለ። በ1624 ዓ.ም. በሰኔ በወይና ደጋ በተደረገው ጦርነት ሱስንዮስ ድል አደረገ፤ የሞተው ሰው ግን 8 ሺሕ ያህል እንደ ነበረ ይነገራል። የሞቱት አረመኔ ወይም የውጭ ጠላት አልነበሩም፤ የገዛ ሕዝቡ፣ በዚያው ሐይቅ ውሃ የተጠመቁ ክርስቲያኖች ነበሩ። ንጉሡ ከዚህ ድል በኋላ በዚያው ወር ሕዝቡ ወደ አባቶቹ ሃይማኖት እንዲመለስ አዋጅ አስነግሮ መንግሥቱን ለልጁ ለፋሲለደስ ተወ፤ ከጥቂት ወራትም በኋላ ሞተ። ሜንዴዝ በ1626 ዓ.ም. ከአገር ወጣ። ፋሲለደስም ከምጽዋና ከስዋኪን የቱርክ ሹማምት ጋር ተስማምቶ የፈረንጅ ካህን እንዳያልፍ በሩን አስዘጋ። ፓኤዝ በ19 ዓመት የሠራውን ሜንዴዝ በዘጠኝ ዓመት አፈረሰው ብለው የሚጽፉ አሉ፤ እኔ ግን የፈረሰው ቀድሞም ከቤተ መንግሥቱ አጥር ወጥቶ መሠረት ያልያዘ ነበር እላለሁ።

በዚህ ሁሉ ዘመን በዚሁ ሐይቅ ዳር ሌላ ስብከት ነበረ። ርስትም፣ ግንብም፣ አዋጅም አልነበረውም።

እናታችን ወለተ ጴጥሮስ በ1584 ዓ.ም. ገደማ የተወለደች የመኳንንት ልጅ ናት። ባልዋ መልክአ ክርስቶስ ከሱስንዮስ አማካሪዎች አንዱ ነበር። ሦስት ልጆች ወልዳ ሦስቱም በሕፃንነት ሞቱባት። አቡነ ስምዖን በተገደሉ ጊዜ ባልዋ በገዳዮቹ ወገን እንደ ነበረ ባወቀች ጊዜ ቤቱንና ሀብቱን ትታ መነኰሰች። ከዚያ እኅተ ክርስቶስ ከምትባል መነኵሲት ጋር ተገናኘች፤ እንደ እርስዋ ባልዋንና ቤትዋን የተወች ናት። ሁለቱ እስከ ሞት አልተለያዩም።

ገድሏ የተጻፈው ካረፈች ከ30 ዓመት ያህል በኋላ በገላውዴዎስ እጅ ነው፤ የሚያውቁዋት ሰዎች ገና በሕይወት ሳሉ ማለት ነው። ስለዚህ ከተአምራቱ ጋር የዕለት ኑሮ ነገር ሞልቶበታል። አገልጋዮች የነበሩዋት ወይዘሮ ወፍጮ ስትፈጭ፣ ውሃና እንጨት ስትሸከም፣ ከእነዚያ ከዱሮ አገልጋዮች ማዕርግ ጋር ስትተካከል ይታያል። ወደ ንጉሡ አደባባይ ተጠርታ ቆመች፤ ሜንዴዝም ራሱ ሊያስተምራት ደከመ፣ እርስዋ ግን አልተቀበለችም። ወደ ምዕራብ ቈላ ወደ ዠባይ ተጋዘች፤ ሦስት ዓመት ያህል በዚያ ቆየች። የግዞት ስፍራ ሰው የሚጠፋበት ነው፤ በእርስዋ ግን ሰው የተሰበሰበበት ሆነ፤ ሃይማኖታቸውን ላለመተው የተሰደዱ ወንዶችና ሴቶች እየተከተሉዋት ሄደው የመጀመሪያው ማኅበርዋ በዚያ ተቋቋመ። ከዚያ በኋላ በምጽሌ፣ በዘጌ፣ በአፈር ፈረስና በሌላም ስፍራ እየተዘዋወረች ሰባት ማኅበር እንደ መሠረተች ገድሏ ይቈጥራል። የተዘዋወሩበትም ምክንያት አንዳንድ ጊዜ በሽታ ነበር፤ ወረርሽኝ ሲገባ ከታመሙት ጋር ቆይታ፣ የሞቱትን ቀብራ፣ የተረፉትን ይዛ ትሻገር ነበር።

የኢየሱሳውያን ጸሐፊዎች ራሳቸው ሳይሸሽጉ የጻፉት አንድ ነገር አለ፤ እጅግ የጸኑ ተቃዋሚዎቻቸው የመኳንንቱ ሚስቶችና እናቶች ነበሩ። ባል በቤተ መንግሥት ይምላል፤ ሚስት በቤትዋ ልጅዋን በአባቶቹ ሥርዓት ታስጾማለች። ሜንዴዝ ይህን በር የሚከፍትበት ቁልፍ አልነበረውም። ወለተ ጴጥሮስ ግን በዚያ በር ገብታ የወጣች ናትና ከውስጥ ታውቀው ነበር። የልጅ ኀዘን ላለባት ሴት ለመናገር ሦስት ልጅ የቀበረች ሴት ብዙ ቃል አያስፈልጋትም።

በኅዳር 17 ቀን 1635 ዓ.ም. ዐረፈች፤ በሬማ ደሴት ተቀበረች። ማኅበርዋን እኅተ ክርስቶስ ያዘች። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ዐፄ ፋሲለደስ ለማኅበሩ በሐይቁ ምሥራቅ ዳር በቁራጣ ምድር ሰጠ፤ ቁራጣም የተበደለና ነፍሱን የፈራ ሰው የሚማጠንባት ስፍራ ሆነች፤ ነጋዴ የሚሰበሰብባት ታላቅ ከተማ እስከ መሆንም ደርሳ ነበር። የጎርጎራው ግንብ ፍርስራሽ ሆኖ ቀርቷል፤ በቁራጣ ግን እስከ ዛሬ ቅዳሴ አለ። ይህን የምጽፈው ወገን ለይቼ ለመፎከር አይደለም። ፓኤዝ ቋንቋ ለመማርና በእጁ ለመሥራት ያሳየውን ትዕግሥት ከእኛ ሰባክያን ብዙዎቹ የላቸውም፤ እኔም ከእነርሱ አንዱ ነኝ። ሜንዴዝንም ስናነብ በሌላው ላይ ከመፍረድ በፊት፣ የገጠሩን ቄስ «አታውቅም» ብለን በሕዝቡ ፊት ያረምንበትን ቀን እናስብ። በወንዛዬ እኔ ያን ቀን ይህን አድርጌአለሁ፤ ቄሱም ዝም ብለው ሰሙኝ።

የዘንድሮው ጉዞ እንደ ገና ወደ ወንዛዬ እንዲሆን ተቈርጧል። በሽማግሎቹ ጉባኤ ላይ ያቀረብሁት ሐሳብ ይህ ነው፤ በኅዳር 17 በቁራጣ አክብረን፣ ከዚያ ወደ ወንዛዬ ወርደን ሦስት ሌሊት እናድር፤ ስንቃችንን ይዘን ከሚታጠቡት ጋር አብረን እንብላ፤ በመጀመሪያው ቀን ማንም አይስበክ፤ በሁለተኛው ቀን የአጥቢያው ቄስ ያስተምሩ፣ እኛ እንስማ። አንዳንዶቹ ለሦስት ሌሊት ከሥራ የሚፈቀድለት የለም አሉ፤ ይህም እውነት ነው። ሌሎቹ ቍጥራችን ይቀንስ እንጂ እንደር አሉ። የድምፅ ማጉያው ነገር ገና አልተቈረጠም።

ለእኔ ግን በዚያ የምፈልገው ሰው አለኝ። እማሆይ በሕይወት ይኑሩ አይኑሩ አላውቅም፤ ለመጠየቅም አልቻልሁም፤ በዚያን ቀን መኪናው ጥሩንባ ሲነፋ ስሮጥ ስማቸውን ሳልጠይቃቸው ነበር የተለየኋቸው።